«ራምፕ ሠርተናል እኮ!»፦ ስለ ሙዚየም ተደራሽነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አካል ጉዳተኞች ሙዚየም መጎብኘት ይችላሉ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ወሬው በሩ ላይ ይጀምርና እዚያው በሩ ላይ ያልቃል። መግባት ግን አንድ ነገር ነው፤ ገብቶ ማወቅና መደሰት ሌላ። ከኃላፊም ከጎብኚም አፍ የማይጠፉ ጥቂት አባባሎችን እንያቸው።

«ራምፕ ተሠርቷል፤ ጉዳዩ አልቋል»

ራምፕም (በዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) ራምፕ ሲሆን ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ 1 ለ 12 ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ለመውጣት 7 ሜትር ከ20 ርዝመት ያስፈልጋል ማለት ነው። እኛ ጋ ግን ለይስሙላ የተለጠፈ፣ ሁለት ሰው ገፍቶም የማይወጣው ዳገት ሞልቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ (ቁጥር 624/2001) የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ ለማይችሉ ሰዎች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል። ስለ መጸዳጃ ቤትም አንሥቷል። ያ መጸዳጃ ቤት የመወልወያና የባልዲ ማስቀመጫ ከሆነ ግን አለ አይባልም። የቅርሱ መግለጫ ጽሑፍ በቆመ ሰው ዓይን ልክ ከተሰቀለም፣ ዊልቸር ላይ ያለው ሰው ሲያንጋጥጥ ይውላል።

«ቅርስ በዓይን እንጂ በእጅ አይታይም»

ይህ ግማሽ እውነት ነው። የእጅ ላብና ቅባት ብረትም ብራናም ይጎዳል፤ ጥበቃው «አትንኩ!» ቢል አይፈረድበትም። እስቲ ግን አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ያለችውን ድንቅነሽን እንውሰድ። በ1967 ዓ.ም. ሃዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ ዋናው አጽሟ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። ጎብኚው ዘወትር የሚያየው ቅጂውን ነው። ታዲያ ሌላ ቅጂ አሠርቶ ሰው የሚዳስሰው ጠረጴዛ ላይ ማኖር ምን ችግር አለው? የጉልበቷና የትከሻዋ አካባቢ አጥንቶች የስሪዲ (3D) ቅርጽ ፋይል በ2008 ዓ.ም. ለሕዝብ በነፃ ተለቋል። ስሪዲ ፕሪንተር ያለው ሁሉ ሊያትመው ይችላል።

ደግሞ ጣት ዓይን ዘሎት የሚያልፈውን ያገኛል። ጉልበቷን የዳሰሰ ሰው፣ የጭኑ አጥንት ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ እንደሚያርፍ ይገባዋል። በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ከሚያሳዩት ምልክቶች አንዱ ይኸው ነው። አጠገቡ የቺምፓንዚ ጉልበት ቢቀመጥ ልዩነቱን ልጅም ይለየዋል። ዓይናማውም ቢሆን ተሰልፎ የሚነካው ይመስለኛል። ጣሊያን ውስጥ አንኮና ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው ኦሜሮ ሙዚየም ሥራው ይኸው ነው፤ የታዋቂ ሐውልቶችን ቅጂ በእጅ ማስዳሰስ።

«ለዓይነ ስውራን ብሬይል ካለ በቃ»

ብሬይል ጥሩ ነው፤ የሚያነበው ግን የተማረው ሰው ነው። በዓይን ሞራ ምክንያት በስተርጅና ብርሃናቸውን ያጡ እናት ብሬይል የት ተምረው? ለእሳቸው በድምፅ የተቀዳ ገለጻ ይሻላል። ከፊል ማየት ለሚችለው ደግሞ ትልልቅ ፊደልና የማያንጸባርቅ መስታወት ብዙ ነገር ነው።

«መስማት የተሳነው ሰው ማንበብ ይችል የለም?»

ብዙዎቹ ያነባሉ። ግን በምልክት ቋንቋ ላደገ ሰው የአማርኛው ጽሑፍ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው አለው፤ አማርኛን በእጅ መናገር አይደለም። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጾ ኪውአር ኮዱን መግለጫው ጥግ ላይ መለጠፍ ይቻላል፤ ጎብኚው በገዛ ስልኩ ያየዋል።

«ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሌላውን ይረብሻል»

ብዙ ጊዜ የሚረበሸው ልጁ ነው፤ ጫጫታው፣ መብራቱ፣ ግፊያው። ዋሽንግተን ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች በተመረጡ ቀናት ለነዚህ ቤተሰቦች ከመደበኛው ሰዓት በፊት ይከፍታሉ። ለዚህ ግንባታም ማሽንም አያስፈልግም፤ ቁልፍ የያዘው ሰው በጊዜ ይምጣ እንጂ።

«አብሮት የመጣውን ልጠይቅ»

«ምን ይፈልጋል?» ብሎ አጃቢን መጠየቅ የተለመደ ነው። ሰውየው እዚያው ቁጭ ብሏል፤ ራሱን ማናገር ነው።

«ሕንፃው ታሪካዊ ነው፤ ምንም ማድረግ አይቻልም»

አቴንስ ውስጥ አክሮፖሊስ አለት ላይ ያለ፣ ከ2,400 ዓመት በላይ የቆየ ቅርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ ሊፍት ገብቶለታል። እርግጥ አብሮ የተነጠፈው ኮንክሪት ብዙ አጨቃጭቋል፤ ጭቅጭቁም አግባብ አለው። የእኛው የስድስት ኪሎ ኢትኖሎጂ ሙዚየም የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ኤግዚቢሽኑም ፎቅ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ግድግዳው ይፍረስ የሚል የለም። ግን ፎቅ መውጣት ለማይችል ሰው የላይኛውን ክፍል በፎቶና በቪዲዮ ታች ማሳየት ይቻላል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ እውነቱን ይወቅ። ስንት ደረጃ አለ? መሐል ላይ መቀመጫ አለ? ሊፍት ካለ ዛሬ ይሠራል? ስልክ አንሥቶ ይህን የሚመልስ አንድ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ ጫፍ በኮንትራት ታክሲ መጥቶ ከደረጃው ሥር የሚመለሰውን ሰው ገንዘቡንም ድካሙንም ያተርፍለታል።