«መብራት ከሄደ ምሽቱ አለቀ» እና ሌሎች ስለ ፊልም ምሽት የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ስድስት ነን። ቅዳሜ ማታ ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ አንዱ ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን ፊልም እናያለን። ከዚያ ቡና እየጠጣን እንጨቃጨቃለን። ይህን የሰማ ሁሉ የየራሱ ምክር አለው። አብዛኛውን ስንጀምር እኛም አምነን ነበር።

«ፕሮጀክተር ከሌለ አይሆንም»

መጀመሪያ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ፕሮጀክተር ተውሰን ግድግዳ ላይ አበራን። መጋረጃው ስስ ስለነበር የመንገድ መብራት ይገባል። ፕሮጀክተር ደግሞ ጥቁር ቀለም ማብራት አይችልም። ጥቁር የሚመስለን ብርሃን ያላረፈበት ቦታ ነው። ስለዚህ ክፍሉ በደንብ ካልጨለመ፣ የሌሊት ትዕይንት ሁሉ አመድ ይመስላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ አመድ ስናይ አመሸን።

አሁን የምናየው በባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ነው። በጅማ በርጩማ ጠጋ ጠጋ ብሎ ለተቀመጠ ስድስት ሰው ይበቃል። (ደግሞ በርጩማ ላይ እንቅልፍ የወሰደው ሰው እስካሁን አላየሁም። ሶፋ ላይ ግን አይቻለሁ።)

ከምስሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ድምፁ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ተዋናዮቹ ከንፈር ብቻ ይሆናሉ። ስፒከር ጨምሩ፣ ከተቻለ በገመድ። በብሉቱዝ ድምፁ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ «ጓ!» ሲል ትሰማላችሁ። ሌላም አለ። አብዛኛው ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው። ብዙ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ግን እንቅስቃሴውን ለማለስለስ በመሃል የራሳቸውን ምስል ይጨምሩበታል። ትልቁ ፊልም ተከታታይ ድራማ መስሎ ከታያችሁ ዳይሬክተሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ሴቲንጉን እዩት።

«ስለ ፊልም ለማውራት ስለ ፊልም ማወቅ ያስፈልጋል»

ይሄኛው ብዙ ሰው አፉን ዘግቶ እንዲቀመጥ አድርጓል።

የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ያየን ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱን ያጣ ኤፍሬም የሚባል ልጅ አለ። አባቱ ከሚወደው በጉ ጋር ተራራማ አገር ካሉ ዘመዶች ዘንድ ትቶት ይሄዳል። አጎቱ በጉን ለበዓል ሊያርደው ያስባል። ልጁ ደግሞ ምግብ መሥራት ይወዳል፣ አጎትየው በዚህም አይደሰትም።

ፊልሙ ሲያልቅ ፊልም «የሚያውቀው» ጓደኛችን ስለ ካሜራ አቀማመጥ ጀመረ። በአክብሮት ሰማነው። ሲጨርስ ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ሰቃ አካባቢ ገጠር ያደገችው ጓደኛችን፣ እስከዚያ ቆሎዋን ስትቆረጥም የነበረችው፣ «ወንድሜ ከኔ የተሻለ ወጥ ይሠራ ነበር» አለች። እንግዳ ሲመጣ ወንድሟ በጓሮ በር ሹልክ ይላል። ምስጋናውን እሷ ትቀበላለች። «እጅሽ ይባረክ» ሲሏት አንገቷን ትደፋለች፤ ሰው ጨዋነት ይመስለዋል፣ እሷ ግን አፍራ ነው።

ከዚያ በኋላ ያልተናገረ የለም። አንዱ አጎቱን ጠበቀለት፦ «በድርቅ ዘመን ቤተሰብ የሚመራ ሰው ምን ይበል?» ሌላው ስለ አባትየው አነሳ። የካሜራውን ወሬ ባለቤቱም ረሳው።

አንድ ነገር ተምረናል። «እንዴት ነው ፊልሙ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ «አሪፍ ነው» ነው፣ እዚያው ያልቃል። እኛ አሁን የምንጠይቀው «ስልክህን የረሳኸው የቱ ጋ ነው?» ብለን ነው።

«መጨረሻውን የነገረህ ሰው ፊልሙን ገደለው»

ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሳን ዲዬጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በአጫጭር ልብ ወለዶች ሞክረውት ነበር። መጨረሻው አስቀድሞ የተነገራቸው አንባቢዎች በአማካይ ታሪኩን የበለጠ ወደዱት። ከዚያ ወዲህ ተቃራኒውን ያገኙ ጥናቶችም ስላሉ ክርክሩ አልተዘጋም። ግን የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» አስቡት። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ እግሩን አጥቶ ወደ መንደሩ መመለሱን ገና ከመነሻው እናያለን። ምን እንደደረሰበት እያወቅን፣ እንዴት እንደደረሰበት ለማወቅ እስከ መጨረሻው እንቀመጣለን።

ይህ ማለት ግን ነፍሰ ገዳዩ ማን እንደሆነ ገና ሳይጀመር የዘረገፈውን ጓደኛችንን ይቅር ብለነዋል ማለት አይደለም። ለሦስት ሳምንት ሲኒ አጥቧል።

«የአገራችን ፊልም ፍቅርና ቀልድ ብቻ ነው፣ ምን ይወራበታል?»

«ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል የሆነውን የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ወስዷል። የጠለፋ ጋብቻን ያነሳው «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ በሚካሄደው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ደግሞስ ፍቅርና ቀልድ ምን ሆነ? አንድ ተራ የፍቅር ኮሜዲ አይተን «ሽማግሌ የሚላከው መቼ ነው?» በሚለው እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረናል። ከመካከላችን አንዱ በወሩ ሽማግሌ ላከ።

«ፊልም እየታየ ማውራት ነውር ነው»

ቪዲዮ ቤት ያደገን ሰው ዝም በል ማለት ይከብዳል። የኛ ሕግ አጭር ነው፦ ሳቅ፣ «ወይኔ!» እና «አትግቢ!» ይፈቀዳል። ማብራሪያ አይፈቀድም።

«መብራት ከሄደ ምሽቱ አለቀ»

ባለፈው ክረምት አንድ የወንጀል ፊልም ልክ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ድርግም አለ። ሻማ ተለኮሰ። ከሰሉ ተያይዞ ስለነበር አቦል ተፈላ። አንዳችን መጨረሻውን እንገምት አለ። አቦል ላይ ሁላችንም ጥፋተኛው ባልየው ነው አልን። ቶና ላይ ልብስ ሰፊው ጓደኛችን «የሟቹ ኮት ላይ ያለውን ቁልፍ አያችሁት?» አለ። ከሌሎቹ ቁልፎች በተለየ ክር ነው የተሰፋው፣ ያውም በቅርቡ፤ ስለዚህ የሰፋለት ሰው ሌሊቱን አብሮት ነበር። ማናችንም ቁልፉን አላየንም። በረካ ላይ ከባልየው ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ።

መብራት አምስት ሰዓት ላይ መጣ። የቀረውን አየን። ባልየው ነው። ቁልፉን ማንም አላነሳውም።

ልብስ ሰፊው «የኔ ይሻላል» አለ። ከአንዷ በቀር ሁላችንም ተስማማን። እሷ አሁንም አልተስማማችም።