«ማታ ማታ ባሕር ውስጥ ትደፉታላችሁ አይደል?»

በመዝናኛ መርከብ ላይ ሥራዬ ቆሻሻ መለየት ነበር። ከመንገደኞቹ ወለሎች በታች፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ። መንገደኛ ወደ እኛ ድርሽ የሚለው «ከመጋረጃ ጀርባ» የሚባለው ጉብኝት ሲኖር ብቻ ነው። መርከቡ ወደብ ሳይነካ ባሕር ላይ በሚውልበት ቀን፣ ለብቻው ከፍለው የተመዘገቡ አሥራ አምስት ያህል ሰዎች አስጎብኚያቸውን ተከትለው ይመጣሉ። ኩሽናውን፣ ላውንደሪውንና የስንቅ መጋዘኑን አይተው እኛ ጋ ሲደርሱ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ትንሽ ቆይተው እንደማይሸት ሲገባቸው ይለቁታል። የምግብ ትራፊው የሚቀመጠው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነው፣ ምን ብሎ ይሸታል?

ከዚያ አንዱ ከቡድኑ ነጠል ብሎ ይጠጋኛል። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንዳንዱ በዓይኑ ይጠቅሰኛል።

«እውነቱን ንገረኝ፤ ማታ ማታ ባሕር ውስጥ ትደፉታላችሁ አይደል?»

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩን ትቼዋለሁ። ሥራውን ከለቀቅሁ በኋላም አልተወኝም። ዛሬ ቁጭ ብዬ አንዴ ልመልሰውና ልገላገል። መጀመሪያ ግን አብረውት የሚመጡትን ቀለል ያሉ ስህተቶች ላራግፍ።

«ካፒቴኑ መሪ ይዞ ይውላል።» አይውልም። መርከቡን በፈረቃ የሚነዱት የተረኛ መኮንኖች ናቸው፤ ሰፊ ባሕር ላይ ደግሞ አውቶፓይለቱ አቅጣጫውን ይይዛል፣ መኮንኑ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል። ብሪጅ ወደሚባለው የማዘዣ ክፍል የሚገቡ ጎብኚዎች ግድግዳ የሚያህል የእንጨት መሪ ሲፈልጉ አይቻለሁ። የሚያገኙት የመኪና መሪ እንኳ የማይሞላ ነገር ነው። ወደብ ሲገባ ካፒቴኑ ከብሪጁ ጥግ ቆሞ በትንንሽ ዘንጎች ያዛል፤ የወደቡን ውሃ የሚያውቅ ፓይለትም ከጎኑ አለ። ብዙ አዳዲስ መርከቦችማ ከኋላቸው ውሃ ውስጥ ሆኖ አቅጣጫ የሚያስይዘው የመሪ ሰሌዳም የላቸውም። ከሥራቸው የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ሞተር ከነፕሮፔለሩ 360 ዲግሪ ይዞራል። አዚፖድ ይሉታል። ከመዝናኛ መርከቦች ቀድማ የገጠመችው የካርኒቫል ኩባንያ ኢሌሽን ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1998።

«ሞተሩ ክፍል ውስጥ እንገባለን።» አብዛኛውን ጊዜ አትገቡም። የምትገቡት መቆጣጠሪያ ክፍሉ ነው። ስክሪን፣ ወንበር፣ ቡና የያዘ መሐንዲስ። ቢሮ ይመስላል፤ ብዙ ሰው እዚያ ጋ ፊቱ ይወድቃል። እነዚያ ግዙፍ ሞተሮች በአብዛኞቹ ዘመናዊ መርከቦች ላይ ፕሮፔለሩን በቀጥታ አያዞሩም። ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፤ ከዚያ ኤሌክትሪክ ፕሮፔለሩም፣ የእናንተ ክፍል መብራትም፣ የኩሽናው ምድጃም ድርሻውን ይወስዳል።

«መርከቡ 250,000 ቶን ይመዝናል።» ያ ቁጥር ክብደት አይደለም። አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለው የመዝናኛ መርከብ 248,663 ነው ሲባል የተለካው በመርከቡ ውስጥ ያለው የተዘጋ ቦታ ይዘት ነው። ሚዛን ላይ ያወጣው የለም።

«የምንጠጣው ውሃ በሙሉ ከወደብ ይጫናል።» ብዙው እዚያው ከባሕር ይሠራል። ወይ በወንፊት መሰል ስስ ሽፋን ውስጥ በኃይል ተገፍቶ ጨዉ ይቀራል፣ ወይ ደግሞ በሞተሩ ትርፍ ሙቀት ይፈላል። አየሩ በተመጠጠበት ጋን ውስጥ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚፈላ ያ ሙቀት ይበቃዋል።

«ሬሳ ማቆያውን ያሳዩናል?» አለ። አያሳዩም።

«ድሮ እኮ ማንም ዘው ብሎ ብሪጅ ይገባ ነበር፤ አሁን የሚከለክሉት ትኬት ለመሸጥ ነው።» ትኬቱንማ ይሸጣሉ፣ አልዋሽም። የተዘጋው ግን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 አሜሪካ ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2004 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የመርከቦችና የወደቦች ደህንነት ደንብ ሥራ ላይ ዋለ፣ ብሪጅም የተከለከለ ቦታ ሆነ። ተፈትሻችሁ የምትገቡት ለዚህ ነው። ስትፈተሹ አትነጫነጩ።

«ኩሽናውን የሚያጸዱት ለጎብኚ ነው፤ ትራፊውንም መልሰው ያቀርቡታል።» ኩሽናው እናንተን አይፈራም። የሚፈራው ተቆጣጣሪ ነው። ከውጭ አገር ወደ አሜሪካ ወደቦች የሚገቡ መርከቦችን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ሳይነግር እየመጣ ይፈትሻል። ከ100 ነጥብ 85ና ከዚያ በታች ያገኘ ወደቀ፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይወጣል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ክንዱን እስከ ብብቱ አስገብቶ በባትሪ የሚያይ ሰው ሲመጣ የሼፎቹን ፊት ብታዩ! ትራፊውን በተመለከተ ደግሞ ምስክሩ እኔው ነኝ። የሚመጣው እኔ ጋ ነው።

አሁን ወደ እኔ ቤት እንግባ።

ከመርከብ ስለሚጣል ነገር ማርፖል የሚባል ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ተጽፎ በ1978 ተሻሻለ፣ ከዚያም ወዲህ ብዙ ጊዜ ተነካክቷል። ፕላስቲክን በተመለከተ የሚለው አጭር ነው፦ የትም፣ መቼም፣ ምንም ያህል ብትርቁ አይጣልም። ማይል አይቆጠርለትም። ጠርሙስ፣ ጣሳና ያገለገለ የምግብ ዘይትም እንደዚያው። ከማቃጠያው የወጣ አመድ እንኳ ባሕር አይገባም፤ ታሽጎ ወደብ ይወርዳል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ከረጢት ይፈታል። በእጅ። የብረት ጠረጴዛ አለ፣ ወፍራም ጓንት አለ፣ ዙሪያውን በርሜሎች አሉ። አረንጓዴ ጠርሙስ ለብቻ፣ ቡናማው ለብቻ፣ ነጩ ለብቻ። ጣሳው ተጨፍልቆ እንደ ጡብ ይወጣል። ካርቶኑ ይታሰራል። ባትሪ ድንጋይ፣ አምፖል፣ የቀለም ቆርቆሮ ሌላ ጥግ አላቸው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስምንት ሰዓት የቆመ ሰው ስለ መንገደኞች የሚያውቀውን ካፒቴኑ አያውቅም። ከየትኛው ወለል ብዙ ጠርሙስ እንደሚወርድ፣ የትኞቹ ያልተነካ ኬክ እንደሚጥሉ።

አንድ ጊዜ አንዲት አዛውንት ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን በናፕኪን ጠቅልለው የቁርስ ትሪያቸው ላይ ረሱት። የጠፋው ጠዋት ነው፣ ያስታወሱት ግን በማግስቱ። ተደውሎ ተነገረን። ሦስት ሆነን የትናንቱን ከረጢት ከፈትን። ናፕኪን ስንፈታ፣ ናፕኪን ስንፈታ፣ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል አንዱ ባልደረባዬ «ፈገግ አለችልኝ!» ብሎ ጮኸ። ታጥቦና ተቀቅሎ ተላከላቸው። እንግዲህ ማታ ማታ የምንደፋ ቢሆን ኖሮ የሴትዮዋ ጥርስ እስካሁን ዓሣ እያኘከበት ነበር።

ግን ተጠንቀቁ። «ምንም ነገር ባሕር አይገባም» የሚል አስጎብኚም አለ፤ እሱም ከጠቃሹ ሰውዬ ባልተናነሰ ያናድደኛል። የምግብ ትራፊ ይገባል። በሕግ ተፈቅዶ ይገባል። ከ25 ሚሊ ሜትር በታች ተፈጭቶ፣ መርከቡ እየሄደ፣ ከቅርቡ የብስ ቢያንስ 3 የባሕር ማይል ርቆ። ካሪቢያንና ሜዲትራኒያንን በመሰሉ ልዩ ጥበቃ ባላቸው ባሕሮች ላይ ደግሞ ከ12 ማይል ወዲያ፤ ይህ ወደ 22 ኪሎ ሜትር ነው። የመዝናኛ መርከቦች ደግሞ የሚበዙት እነዚሁ ባሕሮች ላይ ነው። እኛ ዘንድ ብሪጅ ደውለን «አሁን ይቻላል» ሳይሉን ቁልፉን አንነካም። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የነበርንበት ቦታና መጠኑ በቆሻሻ መዝገቡ ላይ ይሰፍራል፣ መኮንን ይፈርምበታል፣ የሞላውን ገጽ ካፒቴኑ ይፈርምበታል። መዝገቡ ካለቀ በኋላ ቢያንስ 2 ዓመት መርከቡ ላይ ይቀመጣል፤ ወደብ ላይ ያለ ተቆጣጣሪ አምጡት ካለ ይቀርባል።

የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽም ራሱን የቻለ ደንብ አለው። ተጣርቶና ጀርሙ ተገድሎ ይወጣል፤ ያልተጣራው ግን ከ12 ማይል ወዲህ አይፈቀድም። የሻወርና የእጅ መታጠቢያ ውሃ ደግሞ በማርፖል ውስጥ ጭራሽ አልተካተተም፤ የሚገዛው የየአገሩ ሕግና የኩባንያው የራሱ መመሪያ ነው። የሚያሳስብ ነገር ከፈለጋችሁ ይኸው። ግን ጠቅሶኝ ስለ ሻወር ውሃ የጠየቀኝ ሰው አንድም አላጋጠመኝም።

ጥርጣሬው ከሜዳ እንዳልመጣም አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፕሪንሰስ የተባለው የመዝናኛ መርከብ ኩባንያ ጥፋተኝነቱን አምኖ በአሜሪካ 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከመርከቦቹ በአንዱ ዘይት የቀላቀለ የሞተር ክፍል ውሃ ማጣሪያውን በሚያልፍ ድብቅ ቧንቧ ሲደፋ ነበር። ያጋለጠው እዚያው የሚሠራ፣ አዲስ የገባ መሐንዲስ ነው። ልብ በሉ፤ የቆሻሻ ከረጢት በጨለማ የወረወረ ሰው አልነበረም። ቧንቧና መዝገብ ነው ነገሩ። ስለዚህ ማጣራት የሚፈልግ ሰው እኔን ከመጥቀስ ይልቅ የሞተር መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ሲደርስ እጁን ያውጣ። «የዘይት ማጣሪያው ስንት ላይ ነው የሚያስወጣው?» ይበል። የሚፈቀደው ከሚሊዮን 15 እጅ ነው፤ መሐንዲሱ ሳያስብ መመለስ አለበት። «የአካባቢ ጥበቃ መኮንናችሁ ማነው?» ይበል። የቆሻሻ መዝገቡን ይጠይቅ። ላያሳዩት ይችላሉ፣ አኳኋናቸው ግን ብዙ ይናገራል።

ምክር ከጀመርኩ አይቀር ልቀጥል። ጉብኝቱን መርከቡ ላይ እንደወጣችሁ ተመዝገቡ፣ ቦታው ትንሽ ነው። የተሸፈነ ጫማ አድርጉ፤ በነጠላ ጫማ መጥታ ከበር የተመለሰች አውቃለሁ፣ ማልቀስ ነው የቀራት። ካሜራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ፣ በብዙ ቦታ ክልክል ነው። ሠራተኞቹ አይ ናይንቲ ፋይቭ በሚሉት ረጅም ኮሪደር ስትሄዱ ጥግ ጥጋችሁን ያዙ። ስሙ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ካለው አውራ ጎዳና የመጣ ነው፤ ዕቃ የተቆለለበት ጋሪ እየገፋ የሚመጣ ሰው ደግሞ ከፊቱ ያለውን አያይም።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አላልፈውም። እዚያ ኮሪደር ላይ ወደ ጎን የሚንሸራተቱ ወፍራም የብረት በሮች አሉ። ውሃ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንዳያልፍ የሚዘጉ ናቸው። ጎብኚው እንደ ሊፍት በር ያያቸዋል፤ እጅ ካስገባሁ ይመለሳል ብሎ ያስባል። አይመለስም። በዘይት ግፊት ነው የሚገፋው፣ አጥንት መሆንህን አይለይም። በእነዚህ በሮች እጅና እግራቸውን፣ ሕይወታቸውንም ያጡ መርከበኞች አሉ፤ ያውም በየቀኑ የሚያልፉባቸው ሰዎች። ደወሉ ከጮኸና መብራቱ ብልጭ ካለ ቁሙ። ቡድኑ ቀድሟችሁ ይሂድ፣ ይመለሱላችኋል። እኔ አንዱን ጎልማሳ በሸሚዙ ኮሌታ ጎትቼ አውቃለሁ። ተቆጣኝ። አስጎብኚዋ እጆቿ እየተንቀጠቀጡ ይቅርታ ጠየቀችው፤ እኔ ግን አልጠየቅሁትም።

እኛ ክፍል ስትደርሱ ከመፍጫው አጠገብ አንድ የፕላስቲክ ሳጥን ፈልጉ። ከትራፊ ጋር ወርደው መፍጫው ከመብላቱ በፊት የለቀምናቸው ሹካና ማንኪያዎች ናቸው። አንዷ ካመለጠችን ማሽኑ የሚያወጣው ድምፅ ጥርስ ያፋጫል፣ ግማሽ ቀን ሥራ ይቆማል። በእኔ ጊዜ ሳጥኑ በየሳምንቱ ሞልቶ ወደ ኩሽና ይመለስ ነበር፤ የኩሽናው ኃላፊም እየቆጠረ ይረከበኝና ሁልጊዜ «ማንኪያው ጎደለ» ይለኝ ነበር።