ትልቁ ሄድፎን፦ ባሕር ዳር ላይ በአቅም ለሚገዛ

ትልቁ ሄድፎን የምንለው ስፖንጁ ጆሮን ሙሉ በሙሉ ከቦ የሚያርፈውን ነው። ጆሮ ውስጥ ከሚገባው ኤርፎን ይለያል። ጆሮ ላይ ተጭኖ ከሚቀመጠው አነስተኛ ሄድፎንም ይለያል። ባሕር ዳር ላይ ፈላጊው ብዙ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የሆኑት የፔዳና የፖሊ ተማሪ ዶርም ውስጥ ሌክቸር ያዳምጥበታል። ቪዲዮ የሚያቀናብርና መዝሙር የሚቀዳ ሰው ይሠራበታል። ማታ ቤተሰብ ሳይረብሽ ሙዚቃ መስማት የሚፈልግም አለ። ሁሉም የሚጠይቀው በያዘው ብር የቱ እንደሚሻል ነው። በእኔ እምነት መልሱ ከብራንድ ሳይሆን ከስፖንጁ ይጀምራል።

ታሪኩን በአጭሩ ላንሳ። ናትናኤል ባልድዊን የተባለ አሜሪካዊ በ1910 እ.ኤ.አ. ለአገሩ ባሕር ኃይል የሠራው ሄድፎን ለዛሬዎቹ መነሻ ነው። ጆን ኮስ በ1958 ስቴሪዮ ሙዚቃ የሚሰማበትን ይዞ መጣ። ሴንሃይዘር የተባለው ኩባንያ በ1968 ጀርባው ክፍት የሆነውን፣ ማለትም ድምጽና አየር በውጭ ሽፋኑ የሚያልፍበትን፣ ኤችዲ 414 አወጣ። ክፍት ይሻላል ወይስ ዝግ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ።

ወደ ስፖንጁ እንመለስ። ሄድፎን ውስጥ ያለችው ስስ ሽፋን ስትርገበገብ በጆሮ ዙሪያ የታፈነውን አየር ትገፋለች። በስፖንጁና በቆዳው መካከል ክፍተት ካለ አየሩ ያመልጣል። ያኔ መጀመሪያ የሚጠፋው ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምጽ፣ ነው። አንድ ዓይነት ሄድፎን አንዱ ሰው ላይ «ቤዙ ጉድ ነው» የሚባለው፣ ሌላው ላይ ደግሞ የቆርቆሮ ድምጽ የሚያወጣው ለዚህ ነው። መነጽር የሚያደርግ ሰው በመነጽሩ ዘንግ በኩል ክፍተት ይፈጠርበታል። ሹሩባ የተሠራች ሴትም እንዲሁ። ጉንጉኑ ከጆሮዋ አጠገብ ሲያልፍ ስፖንጁን ከቆዳው ያርቀዋል። ለሁለቱም የሚሻለው ለስላሳና ወፈር ያለ ስፖንጅ ነው።

ይህን ሱቅ ውስጥ መፈተን ቀላል ነው። ሙዚቃው እየተጫወተ ሁለቱን ጎን በመዳፍ ቀስ አድርጎ መጫን ነው። ቤዙ ድንገት ከጨመረ ሄድፎኑ ለዚያ ጭንቅላት በደንብ አልገጠመም። የውስጡን ስፋትም ማየት ያስፈልጋል። የጆሮ ጫፍ ስፖንጁ ሥር ከታጠፈ ትንሽ ቆይቶ ማመሙ አይቀርም። በየሱቁ የሚታየው ርካሹ የብሉቱዝ ሄድፎን፣ ፒ47፣ ከሩቅ ትልቅ ይመስላል። ግን ጆሮ ላይ የሚቀመጥ እንጂ ጆሮን የሚከብ አይደለም።

ክፍት ወይስ ዝግ? ለአብዛኛው የባሕር ዳር ሰው ዝጉን እመርጣለሁ። ክፍቱ ድምጹ ሰፋ ያለ ነው፤ ጆሮንም አያሞቅም። ነገር ግን የምትሰማውን ሁሉ አጠገብህ ያለው ሰው ይሰማዋል፤ የውጭው ጫጫታም እንዳለ ይገባል። ለዶርም አይሆንም። ዝጉ እንደ ወሬና የሳህን ኳኳታ ያለውን ቀጭን ድምጽ በደንብ ይቀንሳል። የጄኔሬተርንና የአውቶቡስ ሞተርን ጉርምርምታ ግን ብዙም አያቆምም። ለዚያ የሚረዳው የውጭውን ድምጽ በማይክ ሰምቶ ተቃራኒ ሞገድ የሚለቅ ሄድፎን ነው። እሱ ደግሞ ባትሪ ይፈልጋል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። አንድ ማሳሰቢያ፦ ጣና ዳር በእግር ሲሄዱ ዝጉን ማውለቅ ነው። ባጃጅ ከኋላ ሲመጣ አይሰማም።

ዝጉ ለጆሮ ጤናም ይጠቅማል። ጫጫታው ሲቀንስ ድምጽ መጨመር አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 80 ዴሲቤልን (የድምጽ ከፍታ መለኪያ ነው) በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ይቻላል። 90 ዴሲቤል ከሆነ ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። ታክሲ ውስጥ ሙዚቃው ከሞተሩ በላይ እንዲሰማ የሚጨምር ሰው ያችን 4 ሰዓት ቶሎ ይጨርሳታል።

ሳጥኑ ላይ ካሉት ቁጥሮች አንዱ ብቻ ይጠቅማል። ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ የሚለው በርካሹም በውዱም ላይ ተጽፏል፤ ስለ ጥራት ምንም አይናገርም። 40 ወይም 50 ሚሊ ሜትር የሚለው የውስጥ ስፒከሩ ስፋት ነው፤ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አይሻልም። መታየት ያለበት ኦሙ፣ ማለትም ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው መቋቋም፣ ነው። በስልክ ለሚያዳምጥ ሰው 32 ኦም አካባቢ ጥሩ ነው። 250 ኦም የሆነውን ስልክ ላይ ቢሰኩት ድምጹ ይደክማል። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ስለሚሠራ ሲገዙ ቁጥሩን ሳያዩ ብር ማውጣት አይገባም።

ባለ ገመድ ወይስ ብሉቱዝ? በጠባብ በጀት ገመዱ ያዋጣል። ብሉቱዝ ውስጥ ከፍለን የምንገዛው ባትሪና ሬዲዮም አለ፤ ለድምጹ የሚተርፈው ብር ያንሳል። መብራት ሲጠፋ ባለ ገመዱ ቻርጅ አይጠይቅም። ኤፍ ኤም ያለው ስልክ ላይ ደግሞ ገመዱ ራሱ አንቴና ነው። የባሕር ዳር ኤፍ ኤም 96.9ን ያለ ኢንተርኔት በስልኩ የሚከታተል ሰው ብሉቱዝ ብቻ ከገዛ ይህን ያጣል። ቪዲዮ ለሚያቀናብርም ገመዱ ይሻላል፤ ብሉቱዝ ድምጹን ከምስሉ ያዘገየዋል። ችግሩ ብዙ አዳዲስ ስልኮች የጃክ (የገመዱ ክብ መሰኪያ) ቀዳዳ የላቸውም። የታይፕ ሲ ማገናኛ መግዛት ያስፈልጋል። በጣም ርካሾቹ ማገናኛዎች ሽቦ ብቻ ስለሆኑ ብዙ ስልክ ላይ አይሠሩም። ስለዚህ ማገናኛውን በራስ ስልክ ሳይሞክሩ አለመግዛት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ማዳመጡ። ሻጭ የሚከፍተው ዘፈን ቤዝ የበዛበት ነው፤ በዚያ ሁሉም ሄድፎን ያምራል። የራስን ስልክና በደንብ የሚያውቁትን ዜማ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ቴሌግራም ላይ ደጋግሞ የተጨመቀ ፋይል ለፈተና አይሆንም። የእኛው መሣሪያዎች ለዚህ እንዴት እንደሚመቹ ብዙ ሰው አላስተዋለም። በገና 10 አውታር አለው። ያንን የሚነዝር ድምጹን የሚሰጠው ከአውታሩ ሥር የሚገባው ትንሽ ቆዳ፣ እንዝራው፣ ነው። ጥሩ ሄድፎን ላይ ወፍራሙ ድምጽና ንዝረቱ ተለይተው ይሰማሉ። ደካማው ላይ ሁለቱም አንድ ጉርምርምታ ይሆናሉ። ማሲንቆ መካከለኛውን ድምጽ ይፈትናል። ደጋኑ የፈረስ ጭራውን አውታር ሲፈትገው ፍትጊያው መሰማት አለበት። የአዝማሪው ቃልም ከማሲንቆው ሥር መዋጥ የለበትም። ቃሉ ካልተለየ ወርቁ ቀርቶ ሰሙም አይያዝም። ከበሮ ሲመታ ድምጹ አርፎ ይቆማል ወይስ ይጎተታል? ከተጎተተ ቤዙ ልቅ ነው። ጸናጽሉ ጆሮ የሚወጋ ከሆነ ደግሞ ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምጽ) በዝቷል፤ ለረጅም ሰዓት አያስኬድም።

በዚህ ፈተና ሊሞከሩ የሚችሉ የታወቁ ሄድፎኖች አሉ። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤም 20 ኤክስ 47 ኦም ነው፤ ዝግና ቀላል ነው፤ 3 ሜትር ገመዱ ግን አይነቀልም። ታላቅ ወንድሙ ኤም 40 ኤክስ 35 ኦም ሲሆን ገመዱ ይነቀላል። ብር ከተገኘ እሱን እመርጣለሁ። ሶኒ ኤምዲአር 7506 ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስቱዲዮ ሰዎች መሣሪያ ነው። ሱፐርሉክስ ኤችዲ 681 በዋጋው ረከስ ይላል፤ ከፊል ክፍት ስለሆነ ግን ጸጥ ላለ ክፍል ነው። ብሉቱዝ ግድ ከሆነ ሶኒ ደብልዩኤች ሲኤች 720 ኤን 192 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ የውጭ ድምጽም ይቀንሳል።

እነዚህ ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ ሁልጊዜ አይገኙም። ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ካልሆነም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይዞ ይመጣል። ዋጋቸውን እዚህ አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ያምናው ዋጋ መለኪያ አይሆንም። የታዋቂ ብራንድ ስም የተለጠፈበት ሄድፎን በፒ47 ዋጋ ከተሸጠ ግን ኮፒ ነው። ከሱ ስም የሌለው ይሻላል፤ ቢያንስ ለስሙ አልተከፈለበትም።

ያገለገለ ለሚገዛ መጀመሪያ የሚታየው ስፖንጁ ነው። ሰው ሠራሽ ቆዳ እርጥበት፣ ሙቀትና ላብ ሲፈራረቁበት ይላጣል፤ ጥቁር ቅርፊቱ ጆሮ ላይ ይለጠፋል። የግንቦት ሙቀትና የክረምት እርጥበት ባለበት ከተማ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከፋይ ጨርቅ የለበሰ ስፖንጅ አይላጥም፤ አያሞቅምም። ቤዙን ግን ትንሽ ይቀንሳል። ስፖንጁ የሚወልቅ መሆኑን፣ መተኪያውም መገኘቱን ከመክፈል በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚሞተው ገመዱ ነው፤ ያውም ጃኩ አጠገብ። ሙዚቃ እየተጫወተ እዚያ ላይ ማወዛወዝ ነው። ድምጹ ከተቆራረጠ ሽቦው ተበጥሷል። የሞባይል ጠጋኝ ጃኩን ቆርጦ አዲስ ይበይድለታል። ቀጫጭኑ ሽቦ በቀለም የተለበጠ ስለሆነ ጫፉ በደንብ ካልተፋቀ ወይም ካልተቃጠለ ብየዳው አይይዝም። ሂሳብ ከመክፈል በፊት አንድ ዘፈን ከፍቶ መስማት ይገባል። መሣሪያው እየተሰማ የዘፋኙ ድምጽ ከራቀ ወይም ከጠፋ ለቀኝና ለግራ የጋራ የሆነው ሽቦ አልተያያዘም። ጠጋኙ እንደገና ይበይደው።