የጤናማ አኗኗር መጠይቆችን ትክክለኝነት መፈተሽ በጎንደር

የስኳር ወይም የደም ግፊት ክትትል ያለው ታካሚ ምን እንደሚበላ፣ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ፣ ይጠጣና ያጨስ እንደሆነ በአብዛኛው የሚታወቀው ተጠይቆ ነው። መጠይቁ ሊለካ የታሰበውን ነገር መለካቱ ትክክለኝነት ይባላል፤ የታካሚው ሁኔታ ሳይለወጥ በድጋሚ ሲጠየቅ ተቀራራቢ ውጤት መስጠቱ ደግሞ አስተማማኝነት። ሁለቱም ካልተፈተሹ የሐኪሙ ምክርም የተመራማሪው ድምዳሜም መሠረት የለውም።

ጎንደር ለዚህ ሥራ አመቺ ናት። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ባለሙያዎችን የሚያሠለጥነው ለማኅበረሰብ ጤና ነበር። ከከተማዋ በስተሰሜን ዳባት ላይም ነዋሪዎችን በየጊዜው እየጠየቀ የሚመዘግብ የምርምር ማዕከል አለው።

መጠይቆቹ ግን ብዙውን ጊዜ ከውጭ የመጡ ናቸው። ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለመሰል በሽታዎች የሚያጋልጡ ልማዶችን የሚጠይቀው የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ፣ ስቴፕስ፣ አንዱ ነው። ሌላው፣ 52 ጥያቄዎች ያሉት የጤና አጎልባች አኗኗር መለኪያ፣ አመጋገብን፣ እንቅስቃሴንና ጭንቀትን መቋቋምን ጨምሮ ስድስት ዘርፎችን ይዳስሳል። መጠይቁ ወደ አማርኛ ይተረጎማል፤ ሌላ ሰው መልሶ ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይተረጉመዋል፤ ባለሙያዎች ይመዝኑታል፤ ከዚያ ጥቂት ታካሚዎች ይሞከሩበታል።

እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ይህን የመጨረሻውን ደረጃ ነው። «ባለፉት ሰባት ቀናት አትክልት የበሉት ስንት ቀን ነው?» ተብለው የመለሱ እናት፣ ሲመልሱ ምን እንዳሰቡ ሊጠየቁ ይገባል። ድንቹን ቆጥረውት ይሆናል፤ በዓለም ጤና ድርጅት አቆጣጠር ግን ድንች በቀን 400 ግራም ከሚመከረው አትክልትና ፍራፍሬ ውስጥ አይገባም። ከቤተሰብ ጋር ከአንድ ትሪ ሲበሉ የራሳቸውን ድርሻ መገመትም ይከብዳቸዋል። መጠጥም እንዲሁ ነው፤ ስቴፕስ የሚያሰላው 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ባለው መጠን ሲሆን ጠላው በጣሳ፣ ጠጁ በብርሌ፣ አረቄው በመለኪያ ይቀርባል፤ ጥንካሬውም እንደየጠማቂው ይለያያል። ስለዚህ ጠያቂው ዕቃዎቹን ለክቶ፣ ሥዕላቸውን ይዞ መሄድ አለበት።

ጾም ደግሞ ዋናው ፈተና ነው። አስተማማኝነትን ለመፈተሽ ያው ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ እንደገና ይጠየቃል። የመጀመሪያው ዙር በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም፣ ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ ከዋለ የሥጋ፣ የወተትና የቅቤ መልሶች ይገለባበጣሉ፤ የተለወጠው የሰውየው ማዕድ ሆኖ ሳለ ጥፋቱ በመጠይቁ ላይ ይወድቃል። ሁለቱም ዙሮች በአንድ ወቅት ውስጥ ቢሆኑ፣ የጾምና የፍስክ ቀናትም ለየብቻ ቢጠየቁ ይሻላል። ለሙስሊም ታካሚዎች ረመዳንን በዚሁ ዓይን ማየት ያስፈልጋል።

እንቅስቃሴን በተመለከተ፣ «ስፖርት አልሠራም» ያለ ሰው በየቀኑ ዳገት ይወጣ ይሆናል፤ ሥራ፣ መንገድና መዝናኛ ተለይተው የሚጠየቁት ለዚህ ነው። የሚያክመውን ባለሙያ ላለማሳዘን መልሱን የሚያሳምርም አለና፣ ጠያቂው ሌላ ሰው ቢሆን ይመረጣል።

ከዚያ ስሌቱ ይቀጥላል። ክሮንባክ አልፋ የተባለው የመጠይቅ መመዘኛ ቁጥር 0.70 እና ከዚያ በላይ ሲሆን በአብዛኛው ተቀባይነት ያገኛል። ይሁን እንጂ አልፋ የሚነግረን ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ብቻ ነው፤ መልሱ እውነት መሆኑን ለማወቅ ሌላ ልኬት ያስፈልጋል። «ጨው አላበዛም» የሚለውን መልስ ለማመሳከር ለምሳሌ የ24 ሰዓት ሽንት ተሰብስቦ በጨው ውስጥ የሚገኘው ሶዲየም ይለካል። ወጪው ከባድ ስለሆነ ከታካሚዎቹ ጥቂቶቹን መርጦ መለካት የተለመደ ነው።