«ወፌ ቆመች» ምንድን ነው?

ሕፃን የያዘውን ወንበር ለቅቆ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ሲቆም ቤቱ በጭብጨባ ይሞላል፤ «ወፌ ቆመች፣ በእግሯ ቆመች!» ወንድም ይሁን ሴት፣ በዚያች ደቂቃ ሁሉም «ወፌ» ነው። የሕፃናት ሐኪሞች የእድገት ደረጃ የሚሉትም ይህንኑ ነው፤ አብዛኞቹ ልጆች በተቀራራቢ ዕድሜ የሚደርሱበት አዲስ ችሎታ።

ተቀራራቢ ሲባል ግን ሰፋ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት፣ ጤነኛ ልጆች ብቻቸውን የቆሙት ከ7 እስከ 17 ወር፣ ሳይደገፉ የሄዱት ደግሞ ከ8 እስከ 18 ወር ገደማ ነው። ሳይድኹ ቀጥ ብለው የሄዱም አሉ። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ በ10 ወሯ ሄደች ብላችሁ አትጨነቁ። ልጁ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ከሆነም፣ እስከ 2 ዓመቱ ድረስ ቀድሞ የመጣባቸውን ሳምንታት ከዕድሜው ቀንሱለት።

እኔን የሚያሳስበኝ ለእግር ብቻ ማጨብጨባችን ነው። በቀደም ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ሄደን፣ የ15 ወሯ የእህቴ ልጅ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ የዓሣ አንጀት ሲውጥ አየች። ጣቷን ቀሰረችበት፤ ከዚያ ዞር ብላ የእናቷን ዓይን ፈለገች። «አየሽው?» ማለቷ ነው፣ ያለ ቃል። ማንም አላጨበጨበላትም፤ ለእኔ ግን ከመቆሟ አያንስም። ያዩትን ለሌላ ሰው ማካፈል የንግግር መነሻ ነውና። እህቴ «አዎ፣ አባ ኮዳ! ዓሣ በላ!» አለቻትና ዝም ብላ ጠበቀቻት። ልጅቷም «ባ!» አለች። ልጅን በእድገቱ ማገዝ ማለት ይኸው ነው፤ የጠቆመውን በስሙ እየጠሩለት ተራውን መስጠት። ስልክ ከፍቶ ማስያዝ ይህን አይተካም።

«አባቱም የተናገረው ዘግይቶ ነው» እያሉ መጠበቅ ግን ጊዜ ያባክናል። በ18 ወሩ ካልሄደ ወይም በጣቱ ካልጠቆመ፣ በ2 ዓመቱ «ውኃ አምጪ» ዓይነት ሁለት ቃል ካላጣመረ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ንግግሩ ከዘገየ ጆሮው እንዲመረመር ጠይቁ። ይችለው የነበረውን ከተወ፣ ይናገራቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉበት፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ለነገ አትበሉ። በ15 ወሩ ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ስትሄዱም፣ መቼ እንደቆመ፣ መቼ መጠቆም እንደጀመረ፣ የትኞቹን ቃላት እንደሚል የጻፋችሁበትን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ።