የካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ካሊፎርኒያ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ልጅ «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» (የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ) «ገባ» ሲባል አንገቱን የሚደፋ ወላጅ አለ። ይህ ሐፍረት ያሳዝነኛል፤ ከኮሌጆቹ ታሪክ ጋር ፈጽሞ አይገናኝምና። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ዩኒቨርሲቲ መግባት ላቃታቸው የተከፈቱ ናቸው»

ሰውን የሚጎዳው ይህኛው ነው። የኮሌጆቹ መነሻ የተማሪ ድክመት ሳይሆን የመንገድ ርቀት ነበር። በ1907 የወጣ ሕግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ትምህርት እንዲሰጡ ፈቀደ። በ1910 ቀድማ የተጠቀመችበት የእርሻ ከተማዋ ፍሬዝኖ ናት። በርክሌይ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ከእርሷ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የገበሬ ልጅ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ የባዕድ ከተማ ቀለብና ኪራይ ከትምህርቱ ያስቀረው ነበር። ሐሳቡን አጥብቀው የደገፉትም የበርክሌዩ ፕሮፌሰር አሌክሲስ ላንጅና የስታንፎርዱ ፕሬዚዳንት ዴቪድ ስታር ጆርዳን ነበሩ። በእርግጥ የራሳቸው ፍላጎትም ነበራቸው፦ የጀማሪዎችን ትምህርት ሌላ ቦታ አድርገው ዩኒቨርሲቲዎቹ በከፍተኛ ትምህርትና በምርምር ላይ እንዲያተኩሩ ይሹ ነበር። ያም ሆኖ የታሰበው የመጀመሪያ ደረጃ መወጣጫ እንጂ የተረፈ ማጎሪያ አልነበረም።

«ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጡ ናቸው»

ከጦርነቱ በኋላ የተስፋፋው «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» የሚለው ስም ነው። ቀድሞ «ጁኒየር ኮሌጅ» ይባሉ ነበር። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተለይተው የራሳቸውን የኮሌጅ ወረዳ እንዲያቋቁሙ የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1921 ሲሆን፣ የሞደስቶ ከተማ በዚያው ዓመት ኮሌጇን ከፈተች።

«የሚያስተዳድራቸው የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ብቻ ነው»

ለመላው ክፍለ ግዛት አንድ የበላይ ቦርድ የተቋቋመው በ1967 በወጣ ሕግ ነው። እስከ ዛሬም ኮሌጆቹን በቅርብ የሚመሩት ነዋሪዎች በድምፃቸው የሚመርጧቸው የወረዳ ቦርዶች ናቸው። በ1978 የንብረት ግብር በሕዝብ ውሳኔ ሲገደብ ግን የገንዘቡ ቁልፍ በአብዛኛው ወደ ክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ወደ ሳክራሜንቶ ዞረ። የምርጫ ወረቀት ሲደርሳችሁ የኮሌጅ ቦርድ እጩዎችን አትዝለሏቸው፤ የምትመርጡት የልጆቻችሁን ኮሌጅ መሪዎች ነው።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ በክፍያ ነበሩ»

ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪዎች እስከ 1984 ድረስ የትምህርት ክፍያ አልነበረም። በዚያ ዓመት በአንድ ክሬዲት 5 ዶላር ተጀመረ፤ በ2012 ወደ 46 ዶላር ደረሰ። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ነዋሪዎች ይህ ክፍያ እንዲነሳላቸው ማመልከት ይችላሉ።

«ከሁለት ዓመት በኋላ መንገዱ ይዘጋል»

የ1960ው የከፍተኛ ትምህርት ዕቅድ ከሁለተኛ ደረጃ ተመራቂዎች ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያን ከላይኛው አንድ ስምንተኛ፣ ካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ከላይኛው አንድ ሦስተኛ ለሚመጡ ተማሪዎች ሲመድብ፣ የሁለት ዓመት ኮሌጆችን መማር ለሚችል ሁሉ ክፍት አደረገ። ከእነዚህ ተነስቶ ወደ ሁለቱ መሻገር የዕቅዱ ዋና አካል ነበር። በ2010 የወጣ ሕግ ደግሞ ለዝውውር የተዘጋጀውን የሁለት ዓመት ዲግሪ የጨረሰ ተማሪ በስቴት ዩኒቨርሲቲው ሥርዓት ቦታ እንዲያገኝ ዋስትና ሰጠ፤ የትኛው ካምፓስ እንደሚሆን ግን ዋስትናው አይጨምርም። በ2014 አንዳንድ ኮሌጆች በተመረጡ የሙያ ዘርፎች የመጀመሪያ ዲግሪ በሙከራ እንዲሰጡ ተፈቀደላቸው፤ በ2021 ፈቃዱ ቋሚ ሆነ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ኮርሶችን በዘፈቀደ የመረጠ ተማሪ ሲዛወር ከክሬዲቶቹ የተወሰኑት ላይቆጠሩለት ይችላሉ። ስለዚህ ልጃችሁ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ከመመዝገቡ በፊት የት መዛወር እንደሚፈልግ ለኮሌጁ የትምህርት አማካሪ ይንገር፤ ኮርሶቹንም ከአማካሪው ጋር ይምረጥ።