መነፅር ለብሶ የአሜሪካ ጦር ፓይለት መሆን፦ ስለ ዐይን ዌይቨር

ልጅ ሆኖ "መነፅር ያደረገ ፓይለት አይሆንም" ሲባል ሰምቶ ነገሩን እዛው የተወው ስንቱ ነው፣ ቢያንስ የአሜሪካ አየር ኃይል ጋ ግን እንደዛ አይደለም። ለዓመታት የቆየው መስፈርት ያለ መነፅር 20/70 ሆኖ በመነፅር 20/20 መድረስ ነው፣ 20/70 ማለት ጤነኛ ዐይን 70 ጫማ ላይ ሆኖ የሚያነበውን ፊደል አንተ 20 ጫማ ድረስ ካልተጠጋህ አታነበውም ማለት ነው። ባህር ኃይሉ ጠበቅ አድርጎ 20/40 ይላል፣ ምድር ጦሩ ደሞ 20/50። ከዚህ የባሰበት ነው ዌይቨር፣ ማለትም መስፈርቱን ሳያሟላ እንዲያልፍ የሚሰጥ የህክምና ፈቃድ፣ የሚያስፈልገው።

ዌይቨር ብዙ ሰው እንደሚያስበው ማመልከቻ ፅፈህ የምትለምነው ነገር አይደለም። የሚያዘጋጀው ፍላይት ሰርጀን ነው (ሰርጀን ይባል እንጂ ቢላ የሚይዝ አይምሰልህ፣ የበረራ ሐኪም ነው)፣ ምርመራህን ጠቅልሎ ወደ ላይ ይልካል፣ ወደ ስልጠና ለሚገባ አዲስ ሰው የሚወስነው የስልጠና ዕዙ የህክምና ክፍል ነው፣ ነገሩ ከከበደ ኦሃዮ ራይት ፓተርሰን የአየር ኃይል ጣቢያ ያሉት ስፔሻሊስቶች ያዩታል። የሚመዝኑትም ህልምህን ሳይሆን ችግሩ እየባሰ ይሄዳል ወይ፣ አየር ላይ ድንገት ጉድ ያደርግሃል ወይ የሚለውን ነው።

እና የሚገርመው ብዙ ሰው የሚፈራው የርቀቱን ሰሌዳ ነው፣ ሰውን የሚጥለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። አንዱ የጥልቀት እይታ ነው፦ መሳሪያው ውስጥ አጎንብሰህ ስታይ አምስት አምስት ክብ ተደርድሯል፣ ከአምስቱ አንዷ ወደ አንተ ብቅ ያለች መምሰል አለባት፣ ሁለቱ ዐይኖችህ አብረው ካልሰሩ ግን ሁሉም እኩል ተኝተው ነው የሚታዩህ። ሌላው ቀለም ነው፣ ከ2011 ጀምሮ በኮምፒውተር ሆኗል፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ፊደሎች እየደበዘዙ ይመጣሉ፣ እያንዳንዱን ዐይን ለብቻ ይፈትኑታል፣ ስለዚህ ድሮ ባለ ነጠብጣቡን የቀለም መፈተኛ መፅሐፍ ሸምድዶ ማለፍ የሚባለው ነገር እዚህ አይሰራም። ቀለም ደሞ በሌዘር የዐይን ኦፕሬሽን አይስተካከልም።

ሌዘር ካነሳን፣ በር የከፈተው እሱ ነው። በ1990ዎቹ የባህር ኃይል ሐኪሞች ሳን ዲዬጎ ላይ ፒ አር ኬ የሚባለውን የሌዘር ኦፕሬሽን አጠኑት፣ ይሄኛው የኮርኒያውን (የዐይን ፊት ላይ ያለውን ብርሃን አስገቢ ክፍል) ስስ ሽፋን ፍቆ ነው የሚሰራው፣ ሌላኛው የሌዘር ዓይነት ሌዚክ ግን ክዳን ቆርጦ ገልጦ መልሶ ይከድናል፣ ስጋቱም ፓይለቱ ከጄት ተወርውሮ ሲወጣ ንፋሱ ክዳኑን ቢያነሳውስ የሚል ነበር። አየር ኃይሉ ሌዚክን የፈቀደው 2007 ላይ ነው። ኬራቶኮነስ፣ ማለትም ኮርኒያው እየሳሳ እንደ ሾጣጣ የሚወጣበት በሽታ ካለብህ ግን ሌዘሩም አይነካህም፣ ዌይቨሩም ከባድ ነው፣ ማሸት ደሞ ስለሚያባብሰው ዐይን ማሸት የለመደ ሰው ቢተወው ይሻለዋል።

አሜሪካ ላደጉ የሐበሻ ልጆች አንድ ነገር፣ ፓይለት ለመሆን መኮንን መሆን አለብህ፣ መኮንን ለመሆን ደሞ ዜግነት ያስፈልጋል፣ ግሪን ካርድ ተራ ወታደርነት ድረስ ነው የሚያስኬድህ።

ሌዘር ልታሰራ ካሰብክ ደሞ ከኦፕሬሽኑ በፊት የነበረውን የመነፅር ቁጥርህን የያዘውን ወረቀት እንዳትጥል፣ ከማይነስ 8 በላይ እንዳልነበርክ ፍላይት ሰርጀኑ የሚያየው ከእሱ ላይ ነው።